የሁሉ መሬት፥ የማን ሸክም?



በምዕራብ አሜሪካ እጅግ ሰፊ የግጦሽ መሬት የመንግሥት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ አርቢው ፈቃድ አውጥቶና ኪራይ ከፍሎ እንዲያሰማራ አደረገ።

በ1995ና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከካናዳ የመጡ 31 ተኩላዎች በየሎስቶን ፓርክ ተለቀቁ። ተኩላ ከፓርኩ ወጥቶ ጥጃ ይነጥቃል። ካሣ የሚጠይቅ አርቢ ገዳዩ ተኩላ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ በሰፊው ሜዳ ግን በድኑ ሳይገኝ ይቀራል።

ውሃውም ሌላ ጭንቅ ነው። ከብት በወንዝ ዳር ሲከማች ዳርቻው ይረገጣል፥ ውሃው ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ገንዳ ከወንዙ ርቆ ይሠራል። ይህም ገንዘብ ይጠይቃል።

እንግዲህ ተኩላውም ወንዙም የሁሉ ሀብት ከሆኑ፥ ወጪው ባንድ አርቢ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም እላለሁ።