ውኃ በልክና በጊዜው
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ ቆርቆሮ ተክሎች የተሰጠ ንግግር)



እንደሚታወቀው ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ የጥብስ ቅጠሉን የምናበቅለው በዘይት ቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን ነው። ባለፈው በጋ ግን ብዙው አለቀብን። ችግኝ ሸጠው ልጆች የሚያስተምሩ አንዲት እናታችን 30 ቆርቆሮ ጤና አዳም ሞተባቸው። ሁላችንም «ውኃ አንሶት ነው» አልን። ነቅለን ስናየው ግን የአብዛኛው ሥር በስብሷል።

ጥፋቱ የማን ነው? የኛው ነው። ቧንቧ በመጣ ቀን እስኪትረፈረፍ እናጠጣለን፤ ሲጠፋ ሳምንት ሙሉ እንረሳዋለን። መሬት ላይ ያለ ተክል ሥሩን ሰዶ እርጥበት ይፈልጋል፤ የቆርቆሮው የት ይሄዳል? አፈሩ በውኃ ሲጥለቀለቅ ሥሩ አየር ያጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ፀጉር የመሰለው ቀጭን ሥር ይሞታል። የደረቀ አፈርም ከቆርቆሮው ስለሚላቀቅ የምናፈሰው ውኃ በጎን ሾልኮ ይወርዳል እንጂ ሥሩን አያገኘውም።

ስለሆነም ኅዳር ሳይገባ የሚከተለውን እናድርግ፦

1ኛ/ የቆርቆሮውን ታች በምስማር አምስት ስድስት ቦታ እንብሳው።

2ኛ/ ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እናስገባ። እርጥብ ከሆነ እንለፈው። ከደረቀ በጠዋት፣ ከታች እስኪንጠባጠብ ቀስ ብለን እናጠጣ። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ደረቅ ማለት ይወዳሉ፤ በሶብላና ቃሪያ ግን ጨርሶ መድረቅ አይችሉም።

3ኛ/ አፈሩን ሁለት ጣት ያህል ጭድ እናልብሰው፤ ግንዱን ግን አይንካው።

4ኛ/ አፈሩ ድርቅ ካለ፣ ቆርቆሮውን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አረፋው እስኪያቆም እንዘፍዝፈው።

5ኛ/ ሰፊ በርሜል ያለን ደግሞ ያልተቀባ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀብረን፣ ውኃ ሞልተን እንክደነው። አፈሩ ሲደርቅ ሸክላው ውኃውን ጥቂት በጥቂት ያሳልፋል። ይህ ዘዴ በቻይና ከ2000 ዓመት በፊት በጽሑፍ የሰፈረ ነው።

ቧንቧ በመጣ ቀን አንድ ጀሪካን ለተክሎቹ እናስቀምጥ፤ ጎመን የታጠበበትም ውኃ አይደፋ። የሳሙና ውኃ ግን ከምንበላው ተክል ይራቅ።

በመጨረሻም፣ ጤና አዳም የተረፈልን ከየቤታችን አንዳንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን ለእናታችን እናዋጣ። 30ውን ቆርቆሮ መልሰን ብንሞላላቸው ለሠፈሩ ሁሉ ነው።