የቆርምድ ትክክለኛ መንስኤ፦ በደብረ ብርሃን ለግብርና ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር

የባቄላ ቆርምድ በሰሜን ሸዋ ደጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ በስፋት የታየ የፈንገስ በሽታ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው ደጋ ባቄላ በእሸቱ፣ በአሹቁ፣ በክኩና በሽሮው የጾሙን ማዕድ ይሸፍናል። በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሚዘራው ገብስና ስንዴም መሬቱን ያዳብራል። በሽታው ሲገባ መጀመሪያ ቅጠሉና ግንዱ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ እብጠቶች ይወጣሉ። ቀጥሎ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ እብጠቱ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ክፉኛ በተጠቃ ማሳ አዝመራው እንዳለ ሊጠፋ ይችላል።

ለበሽታው መንስኤነት ለዓመታት ሲጠቀስ የነበረው ኦልፒዲየም ቪሺዬ የተባለ ፈንገስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣለት ጃፓናዊው ተመራማሪ ኩሳኖ ሲሆን፣ በቻይናም ባቄላን የሚያሳብጥ በሽታ በዚሁ ፈንገስ ይሳበብ ነበር። የሰሜን ሸዋው በሽታ በመልኩ ከቻይናው ጋር ስለተመሳሰለ ስሙም አብሮ ተወሰደ።

መልክ ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ከሕያው ተክል ውጭ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ስለማይበቅል፣ እንደ ሌሎች ፈንገሶች ለብቻው አሳድጎ መለየት አይቻልም። ቀሪው መንገድ ዲ ኤን ኤውን ማንበብ ነው። ከእብጠቱ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ የባቄላው፣ የፈንገሱና የሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ዲ ኤን ኤ ተቀላቅሎ ይገኛል። ከዚህ ድብልቅ ፈንገሶች ሁሉ የሚጋሩት፣ ነገር ግን ከዝርያ ዝርያ የሚለያይ ቁራጭ ተመርጦ ይባዛል፤ ከተነበበ በኋላም ቀድሞ ከታወቁት ጋር ይነጻጸራል።

በሰሜን ሸዋ ቆርምድን ሲያጠኑ የቆዩት በየነ ቢተው ከአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጋር የተሳተፉበት ጥናት ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። በታመሙት ቅጠሎች ውስጥ በብዛት የተገኘው ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ፈንገስ ሲሆን፣ ኦልፒዲየም የታየው በጥቂት ናሙናዎች ሥር ላይ ነው። ፊዞደርማ በበቆሎ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ለሚያመጣው ፈንገስ የቅርብ ዘመድ ነው።

ይህ እርማት በሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ለኦልፒዲየም የተዘጋጀ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ፊዞደርማን ሳያየው ያልፋል፤ ዘርና አፈር ንጹሕ ነው የሚል የተሳሳተ ውጤትም ሊሰጥ ይችላል። የፊዞደርማ ጠባይ ሲታወቅ መከላከያውም ይጠራል። ፈንገሱ ክፉውን ጊዜ ወፍራም ሽፋን ባላቸው ስፖሮች በገለባና በአፈር ውስጥ ያሳልፋል። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ጭራ ያላቸው፣ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ስፖሮች ይለቃል። ስለዚህ ማሳን ማጠንፈፍ፣ የታመመ ገለባን ማስወገድና ሰብልን ማፈራረቅ በቀጥታ የሕይወት ዑደቱን ይነካሉ።

ዘላቂው መፍትሔ የሚቋቋም ዝርያ ነው። የዚህ መሠረት የተጣለው በተልባና ዋግ በተባለው የፈንገስ በሽታው ላይ ነው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባደረገው ጥናት፣ በተልባው ውስጥ ላለ የመቋቋሚያ ጂን በፈንገሱ ውስጥ የሚመጣጠን ጂን እንዳለ አሳየ። ፈንገሱ ያንን ጂን ሲለውጥ ተክሉ ጠላቱን መለየት ያቅተዋል። በስንዴ ላይም እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተነሳው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ኩብሳና ገላማ የተባሉት ዝርያዎች ክፉኛ ተመትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ማርፕል የተባለ ዘዴ በኢትዮጵያ ተሞከረ። በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የቢጫ ዋግን ጂኖች አንብቦ የፈንገሱን ዘር በሁለት ቀን ገደማ ይለያል።

ለቆርምድም ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልጋል። የፊዞደርማ ሙሉ ጂኖም ከባቄላው ተለይቶ መነበብ፣ የተክሉን መከላከያ የሚያዳክሙት ፕሮቲኖቹ መታወቅ፣ የአገር በቀል ባቄላ ዝርያዎችም በእነሱ መፈተን አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከማሳ ነው። ዛሬ የሚመረቀው የሰብል ባለሙያ የታመመ ቅጠል ሲያገኝ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ዝርያውንና ቀኑን ይመዘግባል፤ ናሙናውን አድርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ መድኃኒት የሚያዘውም መንስኤው ከተለየ በኋላ ነው።