ልጁን ማን ይያዝላት?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ብድር ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ እንጀራ የምንጋግረው፣ ጉሊት የምንቸረችረው፣ ሰው ቤት ልብስ የምናጥበውና ግንባታ ላይ ድንጋይ የምናቀብለው ሁላችንም፣ ጠዋት ጠዋት የምንጠይቀው አንድ ነው፤ «ልጁን ማን ይያዝልኝ?»

በገጠር ሳለን አያት ነበረች፤ ጎረቤትም ነበረች። ከተማ ገብተን ቤት ስንከራይ ግን አያቲቱ ደጀን፣ ልጁ እዚህ ሆነ። ስለዚህ ከሦስት አንዱን እናደርጋለን። ወይ በአንቀልባ አዝለነው እንሄዳለን፤ ልጁ በምጣድ ጢስ ይታፈናል፣ አሠሪውም አዝላ የመጣችውን «ነገ ነይ» ብሎ ይመልሳታል። ወይ ታላቂቱን ሴት ልጃችንን ከትምህርት ቤት እናስቀራለን። ወይ ደግሞ በር ዘግተንበት እንወጣለን።

አንዲት እህታችን በር ዘግታ ወጥታ ስትመለስ ልጇ እጁን በፍም ተቃጥሎ አገኘችው። ልጁ ዳነ፤ እሷ ግን ሥራዋን ተወች፤ ብድሯንም መክፈል አቃታት። ያን ጊዜ «ሰነፍ ናት» ያልን አለን። ዛሬ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን።

ሕጉ ጭራሽ አልረሳንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሐኪሞች ልጅ 6 ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ ፈቃዱ በ3 ወር ያልቃል። የጉሊት ነጋዴዋ ደግሞ አሠሪም የላት፣ ፈቃድም የላት። የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ አንደኛ ክፍልም ለትምህርት የደረሰውን እንጂ የሚድኸውን ልጅ አይቀበልም።

ማቆያ ቢኖር ለውጥ ያመጣል ወይ? ናይሮቢ፣ ኮሮጎቾ በሚባለው የድሆች ሰፈር አጥኚዎች ለአንዳንድ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ሸፈኑላቸው። ክፍያ ከተሸፈነላቸው መካከል ሥራ ላይ የተገኙት ካልተሸፈነላቸው በለጡ። ብቻቸውን የሚያሳድጉትም ገቢያቸው ሳይቀንስ አጭር ሰዓት የሚሠሩበትን ሥራ መረጡ። ማለትም እናቲቱ ሥራ አልጠላችም፤ ልጇን የምታምንበት ቦታ ነው ያጣችው።

እኛም በአቅማችን ሞክረናል። ጥቂት እናቶች ልጆቻችንን በአንዷ ቤት አሰባስበን በየተራ ጠበቅን። የጉሊቷ እናት ገበያ ሳይበተን መመለሷን ተወች፤ ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅም ደብተሯን ያዘች። ግን ተረኛዋ ስትታመም ሁላችንም ቀረን፤ ቤቱም ጠባብ ነው፤ ውኃ የለውም። ተረኛዋ የዋለችበት ቀንም ለእሷ ገቢ የሌለው ቀን ነው። ልጅ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ አለው።

ስለዚህ ውድ ደጋፊዎቻችን፣ የሰጣችሁን ምጣድና የብድር ገንዘብ ፍሬ እንዲያፈራ አንድ ነገር ጨምሩልን፦ ውኃና መጸዳጃ ያለው አንድ ክፍል፣ የሠለጠኑ ሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ። ቀበሌውም ቦታ ይስጠን ብለን እንጠይቃለን። አባላትም በየወሩ ከምናስቀምጠው ላይ የበኩላችንን እናዋጣለን፤ የራሳችን ገንዘብ ያለበትን ቤት በራችን እንደሆነ አድርገን እንጠብቀዋለንና።

ነገ ጠዋትም ያው ጥያቄ ይጠብቀናል። መልሱን አብረን እንሥራው።