ያድግበታል የማይባልበት ዕቃ

(በሬድዮ የተነገረ)



እኛ ኢትዮጵያውያን ለልጆቻችን ልብስና ጫማ በምንገዛበት ጊዜ ከልካቸው ጥቂት አስበልጠን የመግዛት ልማድ አለን። እናት የኮቱን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፋ «ግድ የለም፤ ያድግበታል» ትላለች። አባትም በጫማው ጫፍ ጥጥ ጠቅጥቆ ይህንኑ ቃል ይደግማል። ደመወዙ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣለት ሰው ይህ ብልኅነት እንጂ ነውር አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ይኸው ብልኅነት ወደ አደጋ ስለሚለወጥበት አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ልጅ መንዳት የሚማርበት ሞተር ብስክሌት ነው።

ነገሩን ያሳሰበኝ በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ ዘመዴ ነው። በዚያ አገር አባትና ልጅ በዕረፍት ቀን ከከተማ ወጥተው፣ ለዚሁ ተብሎ በተከለለ ሜዳና ኮረብታ ላይ የአገር አቋራጭ ሞተር ብስክሌት መንዳታቸው የተለመደ ጨዋታ ነው። ሞተሩ ለጎዳና የተሠራ ስላልሆነ ጎማው ጥርሳም ነው፤ የጎዳና መብራትም የለውም። ዘመዴ የ7 ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ሱቅ ሄደና የልጁ እግር መሬት የማይደርስበትን ሞተር መርጦ «ያድግበታል» አለ። ለራሱም፣ ከዚያ በፊት ነድቶ የማያውቅ ሲሆን፣ የውድድር ሞተር ገዛ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሊቆም ሲል እግሩ መሬት አጣና ሞተሩ ተደፋበት። አባትዮውም ደንግጦ ወደ ልጁ ሲዞር የራሱ ሞተር አምልጦት ወደቀ። የሁለቱም አጥንት አልተሰበረም፤ ነገር ግን ልጁ ዓመት ሙሉ ወደ ሞተር አልቀረበም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ቁመት ነው። ልጁ በመቀመጫው ላይ እንዳለ ሁለቱም እግሮቹ መሬትን በሚገባ መርገጥ አለባቸው፤ በጣት ጫፍ መንጠልጠል አይበቃም። ልምድ ያለው ሰው ከፍ ያለውን ሞተር በዘዴ ይይዘዋል፤ ጀማሪ ግን በደነገጠ ጊዜ የሚተማመነው በእግሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የሥራው ብዛት ነው። ፍሪሲዮን መያዝ፣ ማርሽ መለወጥ፣ ቤንዚን መስጠት፣ ፍሬን መያዝና ሚዛን መጠበቅ በአንድ ጊዜ ለትንሽ ልጅ ይበዛበታል። ስለዚህ ሥራው የቀለለለት ሞተር ይፈለግ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ያማሃ ፒ ደብልዩ 50 መቀመጫው ከመሬት 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮንም ሆነ የሚለወጥ ማርሽ የለውም፤ ሁለቱ ፍሬኖቹም እንደ ተራ ብስክሌት በእጅ ይያዛሉ። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በካቴና ሳይሆን በተሸፈነ ዘንግ ስለሆነ የልጅ ጣት የሚቆረጥም ካቴና የለውም። ጥቂት ከፍ ያለው ሆንዳ ሲ አር ኤፍ 50 ኤፍ መቀመጫው 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእግር የሚለወጡ 3 ማርሾች አሉት፤ ፍሪሲዮኑ ግን በራሱ ይሠራል። ከዚህም በላይ ለደረሰ ልጅ ሲ አር ኤፍ 110 ኤፍ አለ፤ መቀመጫው 66 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማርሹም 4 ነው።

በሁለቱ ትናንሽ ሞተሮች ላይ አንዲት ብሎን አለች፤ በዚህች ብሎን አባት ልጁ የሚሰጠውን ቤንዚን ይወስንበታል። ልጁ እየሠለጠነ ሲሄድ ብሎኗ ጥቂት በጥቂት ትላላለች። ልጅ በሞተር ላይ ማደግ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው እንጂ እግሩን አንጠልጥሎ አይደለም።

አባትስ ምን ይግዛ? ብዙ አባቶች በዚህ ላይ ራሳቸውን ይረሳሉ። ሆንዳ ሲ አር ኤፍ 250 ኤፍ 120 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ጉልበቱን በዝግታ የሚሰጥ ሞተር ነው። ለውድድር የተሠራው 450 አር ደግሞ ክብደቱ ከዚህ ያነሰ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ከእጥፍ ይበልጣል። በአንዲት የእጅ ስሕተት ጀማሪውን ከበላዩ ያወርደዋል። ገሩን ሞተር የመረጠ አባት ከጎረቤቱ አነሰ አይባልም፤ ልጁን ሊጠብቅ የሚችል አባት ሆነ ይባላል እንጂ። ደግሞም ልጅ የአባቱን ቃል ከሚሰማ ይልቅ የአባቱን እጅ ያያል፤ አባቱ በዝግታ ሲነዳ ካየ እሱም ዝግታን ይማራል።

የራስ ቁርም እንዲሁ በልክ ይሁን። የሰፋ ቁር በውድቀት ጊዜ ከራስ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ «ያድግበታል» ከሁሉ ይልቅ ለቁር አይባልም። ጓንት፣ ጠንካራ ቦት ጫማ፣ የጉልበትና የክንድ መከላከያም አይጉደል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክር ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ሞተሮች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተለይ አደገኛ መሆናቸውን አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ይቆይ» የሚል ወላጅ ሊነቀፍ አይገባውም። የፈቀደ ወላጅ ግን አደጋውን አውቆ፣ መኪና በማይደርስበት ስፍራ፣ ከልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ይፍቀድ።

«ልጁ በሁለት ዓመት ሲያድግ ገንዘቤ ሊባክን ነውን?» የሚል ቢኖር፣ በደኅና የተያዘ ትንሽ ሞተር ገዢ አያጣም፤ ለታናሽ ወንድም ወይም እኅትም ይተላለፋል። የተሰበረ የልጅ እግር ግን ተሽጦ አይተካም።

ዘመዴም በመጨረሻ ሁለቱንም ሞተሮች ሸጦ ለልጁ ትንሹን፣ ለራሱም ገሩን ገዛ፤ ልጁንም ና አላለውም። ከብዙ ቀን በኋላ ልጁ ራሱ መጥቶ በመቀመጫው ላይ ወጣና ቁልቁል አየ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ረግጠው ነበር። ከዚያ በኋላ «አባዬ፣ አስነሣልኝ» አለ።