ስለ ፋይበር ገመድ አጠባበቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፣ እናት የልጇን ደኅንነት ለማወቅ ተቸግራ ነበር። ስለዚህ የመገናኛ መሥመር ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ለእኛ አስረጂ አያሻንም።

ዛሬ ድምፃችንን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው የፋይበር ገመድ ውስጡ መስታወት ነው። የአንዱ ክር ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ነው፤ ሲስቡት ጠንካራ፣ ሲያጥፉት ግን ተሰባሪ ነው። በደንብ ከተቀበረ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ዶማና የመንገድ መቆፈሪያ መኪና ግን ባንድ አፍታ ይበጥሱታል። መዳብ መስሎት የሚቆርጠው ሌባም የሚሸጠው ነገር አያገኝበትም።

እንግዲህ ከመቆፈራችን በፊት ቴሌን እንጠይቅ። ተበጥሶ ብናገኘው ጫፉን አተኩረን አንመልከት፤ የማይታየው ብርሃን ዓይን ይጎዳል፤ ስባሪውም ቆዳ ይወጋል። ይህንንም ለየቤተ ሰባችንና ለየሰፈራችን እንንገር።