«ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?»

የክፍል ጓደኞቼ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መሐል ሜዳ ላደግሁት ለእኔ የሚኒሶታ ብርድ ብርቅ አልሆነብኝም። ያስቸገረኝ «አዎን» ማለቱ ነው። እንደ አገራችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎን» ስል፣ ነርሷ የታፈንኩ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ!

እማዬ የመንዝ ባናዋን ይዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ሆዷን አመማት። «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብለው በአስተርጓሚ ጠየቋት። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። 0 ተብሎ ተጻፈ። እኔም አምኜ ወጣሁ፤ ሐኪም ነኝ እኮ! ማታ የቀኝ ጎኗን ስነካት ባናዋን ነከሰች። የሐሞት ከረጢቷ ተቆጥቶ ኖሯል፤ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት።

አሁን መሐል ሜዳ ስደውል «ደህና ነኝ» ትለኛለች። እኔም «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሽ?» እላታለሁ። ከቀረች ለእህቴ እደውላለሁ።