ከማዕረግ ወደ ሙያ፦ የስንብት ወረቀቱ የማይናገረው



የተሰናባች ወታደር ጉዳይ በሀገራችን አዘውትሮ የሚነሣው በጸጥታ ወይም በርኅራኄ ቋንቋ ነው። «ሥራ ካላገኘ ተመልሶ ጠመንጃ ያነሣል» ይባላል፤ ወይም «ባለውለታ ነውና አይውደቅ» ይባላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። እኔ ግን ዛሬ ጉዳዩን እንደ ትምህርት ሰው፣ በሙያ ቋንቋ ላቀርበው እወዳለሁ። በሠራዊት ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የተሟላ ሙያ ይዞ ይወጣል፤ በእጁ የሚሰጠው ወረቀት ግን ያንን ሙያ አይናገርም። የምናገረው ሁሉ በዚህ ክፍተት ላይ ያጠነጥናል።

ከቃሉ ልጀምር። ሠራዊት «ይበተናል» እንላለን። የሚበተን ነገር ገለባ ነው፣ ዘርም ነው። ገለባው ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ ዘሩ ግን የታረሰ መሬት ይጠብቀዋል። በ1983 ዓ.ም. የሆነውን ስንመረምር ሁለቱንም እናገኛለን።

በዚያ ዓመት ግንቦት ወር የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ከሥራ ውጭ ሆነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ወዲያው ተመሠረተ። ከገጠር የመጣው ወታደር ወደ ቀየው ተመለሰ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ በአንዳንድ አካባቢም የእርሻ በሬ ተሰጠው። ከሁሉ በላይ ግን ቤተሰብና ጎረቤት፣ ዕድርና ማኅበር ጠበቀው። ማረስ ይችል እንደሆነ ምስክር ወረቀት የጠየቀው አልነበረም፤ ያገሩ ሰው ያውቀዋልና። የከተማው ወታደር ዕጣ የተለየ ነበር። ሥልጠናና ብድር የደረሰው አለ፤ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የተመለሰም አለ። ቀሪው ግን ማንም በማያውቀው የሥራ ገበያ ውስጥ ማንነቱን በወረቀት ማስረዳት ነበረበት፤ ያ ወረቀት ደግሞ አልነበረውም። የገጠሩ ከከተማው ይልቅ በቶሎ የተደላደለው በእርዳታው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። የገጠሩን ሙያ የሚመሰክር ሰው ነበር፤ የከተማውን የሚመሰክር አልነበረም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ከተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት በኋላም ከ140,000 በላይ ወታደሮች ተሰናብተዋል። አሁን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ፣ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ የማቋቋም ዕቅድ ይዟል። በዚህ ጊዜ ከተማው ሰፍቷል፤ ለወጣት የሚከፋፈለው የእርሻ መሬት ግን ጠቧል። ስለዚህ የ1983ቱ የገጠር መፍትሔ እንዳለ ሊደገም አይችልም።

ክፍተቱ እንደሚሞላ የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። ከአየር ኃይል ወደ ሲቪል አቪዬሽን የተሻገሩ አብራሪዎችና የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች ነበሩን። መሻገሪያው የቀለላቸው ጎበዞች ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ በእግረኛውም ክፍል ጎበዝ ሞልቷል። የበረራ ሰዓት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ጥገናም በፊርማ ይረጋገጣል። ሥራው ገና ሲሠራ ጀምሮ በሁለቱም ዓለም በሚነበብ ቋንቋ ይጻፋል።

አሁን አንድ የሻለቃ ንብረት ኃላፊ የነበረን ሃምሳ አለቃ እናስብ። ስንቅ፣ ድንኳን፣ ጥይት፣ ነዳጅ ተረክቧል፤ አከፋፍሏል፤ ጉድለት ሲገኝ ተጠይቋል። በሲቪሉ መሥሪያ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። የቅጹ ስም ቢለያይ እንኳ ሥራው ያው ነው። የስንብት ወረቀቱ ግን ማዕረጉን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና «በመልካም ሥነ ምግባር ማገልገሉን» ብቻ ይገልጻል። ቀጣሪው ያንን አንብቦ የሚታየው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጥበቃ የተከበረ እንጀራ ነው፤ አላቃልለውም። የማዝነው የመገናኛ ባለሙያው፣ የሕክምና ረዳቱና የንብረት ኃላፊው ሁሉ በአንድ በር ላይ ሲቆሙ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ አባባል ልንካ። «ወታደር ትእዛዝ ጠባቂ ነው፤ በራሱ አያስብም» የሚሉ የሰው ኃይል ኃላፊዎች አጋጥመውኛል። መቶ የመራ ሰው ያልተሟላ መረጃ ይዞ፣ በጠባብ ጊዜ፣ በሰው ሕይወት ላይ ሲወስን ኖሯል። ከመሥሪያ ቤቶቻችን ስንቱ ኃላፊ ይህን ያህል ይወስናል?

መሣሪያው በእጃችን አለ። በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ የተገኘንም ብቃት ለመመዘን የታሰበ ነው። ተመዛኙ በንድፈ ሐሳብና በተግባር ይፈተናል፤ ካለፈም በደረጃው የምስክር ወረቀት ያገኛል። ለሃምሳ አለቃው ከአጭር የንግድ ሥልጠና ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ሁሉን ተሰናባች ነጋዴ ለማድረግ የምናሳየው ችኮላ ለእኔ አይገባኝም። ንግድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሁሉም አይሆነውም።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አለን። በማታው መርሐ ግብር የማስተምራቸው የቀድሞ ወታደሮች የሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ዲሲፕሊን ያለኝ» ብለው ይጀምራሉ። እኔም «ስንት ሰው መራህ? ስንት ተሽከርካሪ በአንተ ኃላፊነት ነበር? ስንት ጊዜ ቆጠራ አደረግህ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። መልሱን በወታደራዊ ምስጢር ሳይነኩ በተራ አማርኛ ሲያሰፍሩት ማመልከቻው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ይህን የሚያግዝ ዴስክ በየፋኩልቲው ማቋቋም ብዙ በጀት አይጠይቅም።

ዋናው ጥያቄ የጊዜው ነው። ወታደሩ ከካምፕ ከወጣ በኋላ አዛዡ ይዘዋወራል፤ የክፍሉ መዝገብ በሩቅ ማከማቻ ይቀራል፤ የሥራ ጓደኞቹም በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ምስክር የሚገኘው ሰዎቹ ገና አብረው ሳሉ ነው። ስለዚህ መዛኞቹ ወደ ተሐድሶ ማእከላቱ ይሂዱ። የቅርብ አለቃው ወታደሩ በተግባር የሠራውን በዝርዝር ጽፎ ይፈርም፤ ዝርዝሩም ከስንብት ወረቀቱ ጋር ይያያዝ። የምዘናውን ክፍያ ማን ይሸፍን፣ በየትኞቹ ሙያዎች ይጀመር የሚለው ገና መነጋገር ይፈልጋል። በአዳራሹ ውስጥ ከምዘና ማእከላትም ከመከላከያም የመጣችሁ አላችሁና በዚህ ላይ ሐሳባችሁን መስማት እፈልጋለሁ።